የቡና ደን ፖሊሲ፦ ረቂቅ 3፣ አስተያየት እስከ ዓርብ ማታ

ጸሐፊ
ረቂቅ 3 ይኸው። በረቂቅ 2 የተባለውን አልደግምም፣ ለውይይት የቀሩት አራት አንቀጾች ናቸው። አንደኛው፣ በደን አዋጅ 1065/2010 ማስፈጸሚያ ላይ የቡና ደን በጥላ ሽፋን ብቻ ሳይሆን በተተኪ ዛፍም እንዲለካ። ሁለተኛው፣ የተፈጥሮ ደን ያለበት መሬት ለባለሀብት ከመተላለፉ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው እንዲያልቅ፤ ከርክክብ በኋላ የሚመጣ ግምገማ የወደቀ ዛፍ ነው የሚገመግመው። ሦስተኛው፣ ወደ ውጭ ከሚላክ ቡና በኪሎ 2 ብር ለአሳታፊ ደን አስተዳደር ማኅበራት። አራተኛው፣ የማሳ ካርታ በአንድ የልኬት ሥርዓት እንዲሰበሰብ። ርዕሱ «በደቡብ ምዕራብ ጥቅጥቅ ደኖች የደን ጭፍጨፋን ለመቀነስ የቀረበ የፖሊሲ ሐሳብ» ነው። ከስድስት ገጽ አናልፍም።

ደን ቆጣሪ
አንቀጽ 1 ላይ ስሌቱ ይግባ። የአገራችን የደን ትርጉም ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የጥላ ሽፋን ነው። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር፣ ሃያ በመቶው 1,000። ቅርንጫፉን 20 ሜትር የዘረጋ አንድ ያረጀ ቀረሮ ብቻውን 314 ካሬ ሜትር ያጠላል። ስለዚህ አራት ሽማግሌ ዛፍ የቆመበት ግማሽ ሄክታር፣ ከሥሩ አንድም የዛፍ ችግኝ ባይኖር በሕግ ደን ነው፣ ከሳተላይት ሲታይም ደን ነው። ከለቀማ በፊት የቡናው ሥር ሲመነጠር የቀረሮው፣ የጥቁር እንጨቱና የዋንዛው ቡቃያ ከአረሙ ጋር ይታጨዳል። መንጣሪው በቁርጥ ነው የሚሠራው፣ ቆም ብሎ አይለይም። አራቱ ዛፎች አርጅተው በየተራ ሲወድቁ የሚተካቸው የለም። ማንም መጥረቢያ አላነሳም፣ ማንም አይከሰስም፣ ደኑ ግን አልቋል።

የማቀርበው ቁጥር በ15 በ15 ሜትር አንድ ተተኪ ነው፣ በሄክታር 44 ይመጣል። በቀለም ምልክት አይደረግ፣ ክረምቱ ያጥበዋል። ሪባንም ሰው ይፈታዋል። ከምንጠራው በፊት ባለይዞታው ራሱ ዞሮ በእያንዳንዱ ቡቃያ ግራና ቀኝ ሁለት ካስማ ይትከል፤ ገጀራው ካስማውን ሲነካ መንጣሪው ይሰማዋል።

ዩኒየን ተወካይ
ርዕሱ ይቀየር። «ጭፍጨፋ» የሚል ወረቀት ላይ አንፈርምም። ጭፍጨፋ ካለ ጨፍጫፊ አለ። ማነው? እሸት ለቃሚው ገበሬ ነው? ይህ ቃል ሰው ላይ ለሚደርስ እልቂት የምንጠቀምበት ነው። መሠረታዊ ማኅበራቱ ስብሰባ ላይ ርዕሱን ባነብላቸው ከሁለተኛው መስመር አላልፍም።

ሕግ ክፍል
ቃሉ በመሥሪያ ቤትም በዜናም የተለመደ ነው። ርዕስ ላይ አትቆዩ፣ አንቀጽ 2ን አንብቡልኝ። «ከመተላለፉ በፊት» የሚለው ከውል ፊርማ በፊት ነው ወይስ ከቦታ ርክክብ በፊት? በሁለቱ መካከል ወራት አሉ፣ መንገድ የሚጠረገውና ግንዱ የሚወጣው በእነዚያ ወራት ነው።

ዩኒየን ተወካይ
የተለመደ መሆኑ ነው ችግሩ። «የደን መመናመን» ይባል።

ሕግ ክፍል
መመናመን ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2023/1115 በደን በኩል ቡናን የሚጠይቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ወደ እርሻ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም። የደን ጥራት መውረድን የሚጠይቀው በእንጨት ውጤት ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ካቀላቀልን ራሳችን ያልተጠየቅነውን ጥፋት አምነን እንፈርማለን። የደን ትርጉማቸውም ከእኛ ይለያል፤ ግማሽ ሄክታሩ አንድ ነው፣ ቁመቱ ግን 5 ሜትር፣ ሽፋኑ 10 በመቶ ነው።

ዩኒየን ተወካይ
እንግዲያው «ጭፍጨፋ» ብለን ስንጽፍ የተጠየቅነውን ጥፋት አምነናል ማለት ነው። የባሰ!

ደን ቆጣሪ
በአንቀጽ 1 የምናገረው ነገር መሳሳት ነው። ዛፉ ቆሟል፣ ደኑ ሳስቷል። «የደን መሳሳት» ብትሉት ሁላችሁም ትስማማላችሁ፤ አሁን ወደ 44ቱ ተመለሱ።

ሊቀመንበር
መሳሳት ልብስ ነው የሚመስለው። «መራቆት»?

ችግኝ ጣቢያ
መራቆት የመሬት ነው። ምንጣሮ በሉት፣ ገበሬው የሚያውቀው እሱን ነው።
በ44ቱ ላይ ግን አንድ ነገር። ከጣቢያ ችግኝ አምጡ ተብሎ እንዳይጻፍ። የቀረሮ ፍሬ ከደረቀ አይበቅልም፣ ከወደቀ በኋላ ቶሎ ካልተዘራ ከንቱ ነው። ስለዚህ ጣቢያዎች በቀላሉ የሚያፈሉት ከውጭ የመጣውን ዛፍ፣ ግራቪሊያን ነው፤ «ተተኪ ዛፍ» ብላችሁ ዝርያ ካልጻፋችሁ የሚተከለው ግራቪሊያ ይሆናል። ከእናት ዛፍ ሥር የበቀለውን ቡቃያ ከነአፈሩ በክረምት መግቢያ ማዛወር ይሻላል። የዝርያ ዝርዝሩን ከነዘር መሰብሰቢያ ወሩ እስከ ረቡዕ እልካለሁ።

ዩኒየን ተወካይ
ምንጣሮ ጭራሽ አይሆንም። ቡና ሥር መመንጠር ሥራችን ነው፣ በየዓመቱ የምንከፍልበት። ሥራችንን የጥፋት ስም ልታደርጉት ነው?

ደን ቆጣሪ
የምለውም እኮ እሱን ነው! ምንጠራው ነው ደኑን የሚጨርሰው፣ አመነጣጠሩ ካልተስተካከለ።

ዩኒየን ተወካይ
ይኸው! ረቂቁ በማን ላይ እንደተጻፈ አሁን ወጣ። ባለሀብቱ 500 ሄክታር ሲያጸዳ አንቀጽ 2 ላይ «ግምገማ» ይባላል፤ ገበሬው በሩብ ሄክታር ላይ ገጀራ ሲያነሳ «ጨፍጫፊ»። ስማችንን ከፈራሚዎች አውጡ።

ሊቀመንበር
ማንም አይወጣም። ዩኒየኑ ከሌለበት አንቀጽ 3 ዋጋ የለውም፣ ብሩ የሚሰበሰበው በእናንተ በኩል ነው። ደን ቆጣሪ፣ አንተም ረጋ በል።

ካርታ ክፍል
አንቀጽ 4ን ማንም አላነበበም። በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ያለው ነጥብ በድሮው የልኬት መነሻ በአዲንዳን ነው፣ በስልክ የሚሰበሰበው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84። ሳይለወጥ አንዱ በሌላው ላይ ሲጫን ማሳው ከ100 ሜትር በላይ ይዘላል። ሩብ ሄክታር ማሳ ጎኑ 50 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የጎረቤት መሬት ላይ፣ ወይም ከክልከላው መስመር ወዲያ ደን ውስጥ ያርፋል። ገበሬው ያልነካውን ደን አጠፋ ይባላል። ሁለተኛው ስህተት የዩቲኤም ቀጠና ነው፤ ይህ የካርታ ልኬት ምድርን በየ6 ዲግሪ ኬንትሮስ ይከፍላታል። 36ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ በመካከላችን ያልፋል፦ ማሻ፣ ቴፒና ሚዛን ቀጠና 36 ናቸው፣ ቦንጋ 37። የሸካ ነጥብ በቀጠና 37 ከተነበበ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይወድቃል። በዲግሪ ብቻ፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይጻፍ። በአራት አሃዝ ከተቆረጠ አንዱ አሃዝ 11 ሜትር ነው። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ወሰኑ ተዞሮ ፖሊጎን ይዘጋ፣ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል።

ዩኒየን ተወካይ
ይህ ጠቃሚ ነው። ይህን ማንም አይቃወምም።

ገንዘብ ያዥ
አንቀጽ 3። 2 ብሩ ከማን ኪስ ነው? ላኪው ከከፈለ ከአቅራቢው ዋጋ ላይ ይቀንሳል፣ አቅራቢው ከእሸት ዋጋ። አንድ ኪሎ ንጹህ የታጠበ ቡና ወደ ስድስት ኪሎ እሸት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ገበሬው ላይ በኪሎ እሸት ከ30 ሳንቲም በላይ ይወርዳል። ኮስታሪካ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የደን ሕጓ ይህን ከቡና አልወሰደችም፤ ከነዳጅ ታክስ ነው፣ በ2001 ሕግ 3.5 በመቶው ደን ለሚጠብቅ ባለይዞታ እንዲከፈል የተደረገው። እኛም ከነዳጅ እንጠይቅ።

ሌላው የአባልነት ጉዳይ ነው። በአዳባ ዶዶላ የዋጂብ (የደን ነዋሪዎች ማኅበር) አሠራር አንድ ማኅበር ከ30 አባል አያልፍም፣ ለአባል 12 ሄክታር ታስቦ። ቁጥሩ ሲሞላ ከደኑ ውጭ የቀረው ሰው ምን ያድርግ? ውጭ የቀረው ነው ከብቱን የሚነዳበት። ክፍያው ለማኅበር ብቻ ከሆነ በኮቦ ባህላዊ ይዞታ ቀፎ የሰቀለውና ቡና የሚለቅመው ሰው ከጨዋታ ይወጣል።

ሕግ ክፍል
ከነዳጅ የሚጠየቀው በፌዴራል ነው፣ ይህ ወረቀት ወደ ክልል ነው የሚሄደው። ከውጭ ልምድ የምንጠቅስ ከሆነ ብራዚል ይቅደም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአማዞን የጠፋው ደን 27,772 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፣ በ2012 ወደ 4,571 ወረደ። የሳተላይት ክትትል፣ በቦታው ቅጣት፣ ብዙ ያጠፉ ወረዳዎችን በስም መዘርዘር፣ ከ2008 ጀምሮም የእርሻ ብድርን ከደን ሕግ ማክበር ጋር ማሰር አብረው ሠሩ። የእኛ ገበሬ ከባንክ አይበደርም፤ ገንዘብ የሚያገኘው በለቀማ ዋዜማ ከአቅራቢ በሚወስደው ቅድመ ክፍያ ነው። ስለዚህ መታሰር ያለበት የእሸት መፈልፈያው ፈቃድ ነው።

ዩኒየን ተወካይ
ፈቃድ በ«ጭፍጨፋ» ሊታሰር ነው እንግዲህ። ለዚህ ነው ቃሉን የማልቀበለው።

ሕግ ክፍል
ቃሉን ተወው ወንድሜ! «የደን ሽፋን መለወጥ» ብዬ እጽፋለሁ።

ሊቀመንበር
«መለወጥ» ደግ ይሁን ክፉ አይታወቅም። ዩካሊፕተስ መትከልም መለወጥ ነው።

ደን ቆጣሪ
ከሰኞ ጀምሮ ስድስት ቃል ተቆጥሯል፦ ጭፍጨፋ፣ መመናመን፣ መሳሳት፣ መራቆት፣ ምንጣሮ፣ መለወጥ። ስለ 44ቱ ተተኪ የጻፈው ችግኝ ጣቢያ ብቻ ነው። ማረጋገጫው እንዴት እንደሚሠራ ልጻፍ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ይመልስልኝ። በየማሳው 20 በ20 ሜትር ናሙና ይወጣል፣ ለ44 ከታሰበ በአንድ ናሙና በአማካይ ሁለት ያህል ተተኪ መገኘት አለበት። ቆጠራው ምንጠራው ካለቀ በኋላ ነው፣ ከፊቱ ከተቆጠረ ቁጥሩ ይሞላል፣ ገጀራው ከዚያ ያጠፋዋል። ከጉልበት በታች ያለ አይቆጠር፣ አብዛኛው በበጋው ይሞታል። ጥላ ለመክፈት ቅርንጫፍ መቁረጥ ይፈቀድ፣ ቡናው ብርሃን ካላገኘ አያፈራምና፤ ገበሬውን ሙሉ ጥላ ጠብቅ ማለት ቡናህን ንቀል ማለት ነው። የምጠይቀው ቡቃያውን ብቻ ነው።

ዩኒየን ተወካይ
ቅርንጫፍ መቁረጥ ይፈቀድ ማለትህን አላየሁም ነበር፣ ረቂቁ ላይ የለም። ይህ ከተጻፈ በ44ቱ ችግር የለኝም። ካስማውን ግን ማን ይተክላል? በምንጠራ ሰሞን የቀን ሠራተኛ አይገኝም።

ደን ቆጣሪ
ባለይዞታው። በሩብ ሄክታር 11 ቡቃያ ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ።

ሊቀመንበር
ጥሩ፣ ተግባባችሁ። ሐሙስ ነው፣ ርዕስ የለንም። ሁሉም የተስማማበት አንቀጽ 4 ነው። ርዕሱን ከዚያ እናውጣው፦ «የቡና ማሳ ካርታ ጥራትን በማሻሻል የደን ሀብትን ለመጠበቅ የቀረበ ሐሳብ»። ጨፍጫፊም ተጨፍጫፊም የለበት።

ዩኒየን ተወካይ
ይህን እንፈርማለን።

ገንዘብ ያዥ
እኔም። ካርታ ከሆነ ለነጥብ ሰብሳቢዎች የሥልጠና በጀት መጠየቅ ይቻላል፤ አንቀጽ 3 በዚህ ይተካ፣ የ2 ብሩ ነገር ሊያጣላን ነው።

ካርታ ክፍል
ሥልጠናው ሦስት ቀን ነው፣ አንዱ ሜዳ ላይ። ጥቅጥቅ ጥላ ሥር ስልኩ ቶሎ አይረጋጋም፤ ነጥብ ከመያዙ በፊት ቆሞ መጠበቅን፣ ፖሊጎኑን በመነሻው ላይ መዝጋትን፣ መስመር እንዳይቆራረጥ በአንድ አቅጣጫ መዞርን እናስተምራለን።

ሕግ ክፍል
አንቀጽ 2 ከካርታ ርዕስ ጋር አይሄድም። ግምገማ ከርክክብ በፊት የሚለውን የት ላስገባው?

ሊቀመንበር
በመግቢያው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ጸሐፊ
ችግኝ ጣቢያ፣ የዝርያ ዝርዝሩ ረቡዕ ይመጣል ተብሎ ነበር። ስልክም አታነሣም። ያለ ዝርዝሩ «ተተኪ ዛፍ» ብዬ ልተወው?

ደን ቆጣሪ
እንዳትተወው። ግራቪሊያ ይገባበታል። ቢያንስ «አገር በቀል» ብለህ ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ ጻፍ። ሰሳና ብርብራ ለቡና ጥላ ገበሬው ራሱ የሚወዳቸው ናቸው።

ጸሐፊ
ጽፌዋለሁ። ረቂቅ 4 ሰባት ገጽ ሆነ። የሥልጠናው ሠንጠረዥ አንድ ገጽ ተኩል ይዟል። የአራቱ ዛፍ ስሌትና የናሙና አቆጣጠሩ ወደ አባሪ ሄዷል።

ደን ቆጣሪ
አባሪው አብሮ ይላካል?

ጸሐፊ
ገጹ ካለፈ በተጠየቀ ጊዜ ይቀርባል ብለናል።

ደን ቆጣሪ
ሠንጠረዡን ወደ አባሪ አውርደው፣ ስሌቱን መልሰው። አምስት መስመር ነው።

ገንዘብ ያዥ
ሠንጠረዡ ከወረደ የበጀት መጠየቂያው መሠረት የለውም። ይቆይ።

ካርታ ክፍል
የሠልጣኝ ቁጥር በወረዳ እስከ ዛሬ ማታ ላኩልኝ። እስካሁን የላከው ዩኒየኑ ብቻ ነው።