ሁለት ተማሪ፣ አንድ ቀፎ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ያዋጣል?

ቀፎ ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴና እኔ ደብረ ብርሃን የ3ኛ ዓመት ተማሪዎች ነን። ዶርም ትተን ቤት ተከራይተናል፤ ኖን ካፌ ነን፣ ራሳችንን እንቀልባለን። ሁለታችንም ንብ እንወዳለን፣ ለመስከረም አንድ ቀፎ ለመጀመር አስበናል። ከኪራይና ከቀለብ የሚተርፈን ትንሽ ነው። የት እናስቀምጠው? የትኛው ቀፎ ይሻላል? ፈተና ሲደርስስ?

የባሶ አናቢ፦
አስቀድማችሁ የቦታውን ነገር ጨርሱ። የኪራይ ግቢ ውስጥ አይሆንም፤ የእኛ ንብ ቁጡ ናት። የጎረቤት ልጅ አለ፣ በር ላይ የሚቆም የጋሪ ፈረስም አለ፤ የፈረስ ላብ ደግሞ ንብ ያስቆጣል። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ከገበሬ ጋር በእኩል ተስማሙ፦ ቀፎውና ሥራው የእናንተ፣ ቦታውና ጥበቃው የእሳቸው፣ ማሩ ለሁለት። ንቡ ቢኮበልል ወይም ቀፎው ቢሰረቅ ኪሳራው የማን እንደሆነም ጻፉት።

ቀፎው ከድንጋይ ካብ ጀርባ ከነፋስ ይከለል እንጂ ካቡን አይንካ፤ አፉ ወደ ፀሐይ መውጫ ይዙር። የመቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ፣ ዙሪያውን ያለውን ሣር እጨዱ። አንዲት ሰንበሌጥ ቀፎውን ከነካች ለጉንዳን ድልድይ ናት።

የፍሬም ቀፎ (ዘመናዊው) የሰም ወረቀትና ማር ማውጫ ማሽን ስለሚጠይቅ ለእናንተ የሽግግር ቀፎ ይሻላል፤ በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለ፣ ከላይ ዘንግ የሚደረደርበት ሳጥን ነው፣ አናጺ ይሠራዋል። አንድ ልክ ግን አትልቀቁ፦ ንቧ የማር እንጀራ የምትሠራበት ዘንግ ወርዱ 3.2 ሳ.ሜ. ይሁን። ከሰፋ ንቧ እንጀራውን ከአንዱ ዘንግ ወደ ሌላው አሻግራ ትሠራለች፤ አንዱን ስታነሱ ሌላው ይቀደዳል፣ ንግሥቲቱም ልትጨፈለቅ ትችላለች። 27 ዘንግ 86.4 ሳ.ሜ. ስለሚሆን የሳጥኑ ውስጥ ርዝመት 87 ይሁን። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ መሐል ለመሐል ቀጭን የሰም መስመር አፍስሱ፣ ቀፎውንም በወይራ ወይም በጠጅ ሣር እጠኑት።

የቆላ አናቢ ሲመሽ ክፈቱ ይላችሁ ይሆናል። እዚህ አይሠራም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ወዲያው ይወርድና እጩን (ገና ያላደገውን የንብ ልጅ) ይጎዳዋል። ነፋስ በሌለበት ቀን ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል ክፈቱ፣ ከ20 ደቂቃ አትለፉ። አንዳችሁ አጭሱ፣ አንዳችሁ ዘንግ አንሡ። ለጭሱ ደረቅ ኩበት ይበቃል። በርኖስና ጥቁር ሹራብ ግን ቤት ይቅር፤ ንብ ጥቁርና ጠጉራም ነገር ታጠቃለች።

ሒሳብ ያዥ፦
ስለ ገንዘቡ እኔ ልጨምር። የቀለቡን ብር አትንኩ። አነስተኛ የ10 ሳምንት ዕቁብ ግቡና ዕጣው ሲወጣላችሁ በዚያ ብቻ ግዙ። መጀመሪያ የፊት መሸፈኛና ጓንት ለሁለታችሁም፣ ቀጥሎ ማጨሻ፣ ከዚያ ቀፎ። ብዙ ሰው ከቀፎው ይጀምርና ለሁለት ሰው አንድ ልብስ ይተርፋል፤ ያልለበሰው ይነደፋል፣ ከዚያ ወዲህ ብቻውን የሚሠራ ይሆናል። ንብ ለመግዛትም አትቸኩሉ። ቀለል ያለ ባህላዊ ቀፎ አጥናችሁ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ዛፍ ላይ ብትሰቅሉ ወደ ሽግግር ቀፎው የምታዛውሩት የንብ መንጋ በነጻ ሊገባላችሁ ይችላል። ማሩ ይከፍለዋል ብላችሁ ግን እንዳትበደሩ፤ በመጀመሪያው ኅዳር ምንም አይቆረጥም።

ቀፎ ፈላጊ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ለጥር ፈተና አንድ ወር ባንሄድስ? ስኳር መስጠትስ ግድ ነው?

ከአንጎለላ፦
ጥር ላይ አለመሄዳችሁ ይሻላል፤ በውርጭ ወር መክፈት ጉዳት ነው። በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ስትቆርጡ ማሩ በሰም የታሸገ ቢያንስ 5 ዘንግ ለንቦቹ ተዉላቸው፣ ስኳሩ ይቀንስላችኋል። ከእንጀራው ሦስት አራተኛው ካልታሸገ አትቁረጡ፤ ያልበሰለ ማር ይቦካል።

ከየካቲት በኋላ ቀፎው ከቀለለ 1 ሊትር ውኃ አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱ፣ 1 ኪሎ ስኳር ጨምራችሁ አማስሉ፤ ስኳሩ እሳት ላይ ካረረ ንቧን ይጎዳታል። ሲቀዘቅዝ ክዳኑ በቀጭን ሚስማር የተበሳሳ ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ አመሻሽ ላይ ከቀፎው ውስጥ ድፉት። ውጭ ከተቀመጠ የሌላ ቀፎ ንብ ለዝርፊያ ይመጣል። አበባ ሲፈነዳ አቁሙ፣ አለዚያ ስኳሩ ከማሩ ይቀላቀላል።

ገበሬውን ደግሞ ባቄላው አበባ ላይ ሳለ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ከሆነ ከዋዜማው እንዲደውሉላችሁ ለምኗቸው። ማታ ንቡ ከገባ በኋላ አፉን በወንፊት ሽቦ ዝጉ፣ በማግስቱ ሲመሽ ክፈቱ። በጭቃ እንዳትደፍኑት፤ ታፍኖ ያልቃል።