«ሲሪያል ፖርት»፦ ወደብ ወይስ በር?

ጥያቄ፦ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ሲሪያል ፖርትን፣ ማለትም ቢቶችን አንድ በአንድ የሚያስተላልፈውን የኮምፒውተር መሰኪያ፣ በአግባቡ ስለሚጠቀምበት መንገድ የተጻፈ ማብራሪያ እየተረጎምሁ ነው። «ተከታታይ ወደብ» ብል ያስኬዳል? «በአግባቡ» የሚለውስ እዚህ ላይ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ «ወደብ» አይስማማኝም። በላቲን «ፖርቱስ» መርከብ የሚያርፍበት ወደብ ሲሆን «ፖርታ» ግን በር ነው፤ የኮምፒውተሩ ፖርት ለሁለተኛው ይቀርባል። «ተከታታይ» የሚለው ቅጽልም የሚገልጸው በሩን ሳይሆን በበሩ የሚያልፉትን ቢቶች (የ0 ወይም የ1 ምልክቶች) ስለሆነ፣ «ተከታታይ በር» ያልን እንደሆነ አንባቢ በሰልፍ የቆሙ በሮች ይታዩታል። የ«ሀ» ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል መመስጠሪያ ስልት ሲጻፍ 225፣ 136 እና 128 የተባሉ፣ እያንዳንዳቸው 8 ቢት የሆኑ 3 ባይቶች ይሆናል፤ በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ባይት የመነሻና የማብቂያ ቢት ስለሚታከል 30 ቢቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ በሰከንድ 9600 ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይህ ከ3 ሚሊሰከንድ ጥቂት ያልፋል። እኔ «የተራ በተራ ማስተላለፊያ በር» እላለሁ፤ መርዘሙን አልክድም።

ሌላ መልስ፦ በሩን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን «ፖርት» በከርነል ጸሐፊዎች ዘንድ የአድራሻ ቁጥርም ስም ነው። በፒሲ የመጀመሪያው ሲሪያል ፖርት በልማድ ከ1016 እስከ 1023 ያሉትን 8 አድራሻዎች ይይዛል፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው ፖርት ይባላሉ። ለምሳሌ ከ1021 የሚነበበው ባይት፣ ፖርቱን የሚያሠራው ቺፕ የሚላከውን ቀጣይ ባይት ለመቀበል ዝግጁ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ስለዚህ «ፖርቱን አነበብሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሁለት ፍች አለው።

«በአግባቡ» የሚለውም ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ፖርቱን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ አድራሻዎቹን አስቀድሞ በስሙ ያስመዘግባል፤ ሳያስመዘግብ የሚገባውን ሌላ የከርነል ኮድ ግን ቺፑ አይከለክለውም፣ ይሉኝታ የለውምና። ከ1016 የተነበበ ባይት ደግሞ ከመቀበያው ይወጣል፤ ሳያስመዘግብ የገባው ኮድ ካነበበው ባለቤቱ ድራይቨር ዳግመኛ አያገኘውም። ከዚያ በኋላ የሚታየው ፊደል የጎደለው መልእክት ነው፤ ጥፋቱም የኬብሉ ይመስላል። ተጠቃሚ ፕሮግራም እንደሚያደርገው ፖርቱን የሚወክለውን የመሣሪያ ፋይል ከከርነል ውስጥ መክፈትም አይመከርም፤ በሲሪያል መስመር የተገናኘን መሣሪያ ለሚያንቀሳቅስ ድራይቨር በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ሊኑክስ 4.11 «ሰርዴቭ» የተባለ መንገድ ተበጅቶለታል። እኔ ብሆን «በአግባቡ»ን «በባለቤቱ በኩል» ብዬ እተረጉመዋለሁ።

ጠያቂ፦ «በባለቤቱ ድራይቨር በኩል» ብዬ አስገብቼዋለሁ። «በር»ን ለመሰኪያው አስቀርቼ፣ ለቁጥሮቹ «የፖርት አድራሻ» እላለሁ።