ለእናቴ ሸንገን ተከለከለ፤ ማልዲቭስ ላይ ብንገናኝስ?

ጠያቂው፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ የሸንገን ቪዛ አሁንም ተከለከለ። ያው «ወደ አገሯ ስለመመለሷ አጠራጣሪ ነው» የምትለዋ ምክንያት ናት። የመጨረሻ ልጃችንን እስካሁን የምታውቀው በስልክ ነው። እኔና ባለቤቴ የአውሮፓ ፓስፖርት አለን። ልጆቹ የስድስት፣ የአራትና የአንድ ዓመት ናቸው። አገር ቤት መግባት ለጊዜው አይመቸንም፣ ምክንያቱን እዚህ አልዘረዝርም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ማልዲቭስ ለማንም ሰው ቪዛ እዚያው ይመታል» አለኝ። እውነት ነው? ስድስት ሆነን አንድ ሳምንት ሪዞርት ብንቀመጥስ፣ ቦታው ለአሮጊትና ለሕፃን ይሆናል ወይስ የሙሽሮች ብቻ ነው?

ከእናቷ ጋር እዚያ የተገናኘች፦

ወንድሜ፣ ለእናንተ እውነት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘም ሰው ዋና ከተማዋ ማሌ አጠገብ ያለው ቬላና አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የ30 ቀን የቱሪስት ቪዛ በነፃ ይመታለታል። ግን ባዶ እጅ አይኬድም። የመመለሻ ትኬትና የተረጋገጠ የማረፊያ ማስረጃ ይጠየቃሉ፣ «ኢሙጋ» የሚባል የመንገደኛ ቅጽም ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል። ቅጹ ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመህ የመንግሥት አይደለምና ዝጋው። የእናትህን አንተው ሙላላቸውና በወረቀት ታትሞ እጃቸው ላይ እንዲኖር አድርግ። ቦሌ ላይ የሻንጣ ሰልፍ ውስጥ ስልክ ከፍቶ ሰነድ መፈለግ ለሳቸው ፈተና ነው።

አሁን ማንም የማያነሳውን ልንገርህ። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም አይደለም። የእናትህ ፓስፖርት ላይ ያለው የአባታቸውና የአያታቸው ስም ነው፣ ያንተ ላይ ያለው ያባትህ፣ የባለቤትህ ደግሞ ሌላ። ሪዞርቱ ግን ማስያዣውን በአንድ ሰው ስም ጽፎ «እና አምስት እንግዶች» ብሎ ይልክልሃል። እናትህ ብቻቸውን ከአዲስ አበባ ሲነሱ ያ ወረቀት ምንም አያደርግላቸውም። የስድስታችሁም ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ተዘርዝሮ እንዲላክልህ ጻፍላቸው። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትም ያዝ፣ በተለይ ባለቤትህ ከልጆቹ ጋር ለብቻዋ የምትበርበት ጉዞ ካለ።

ቢጫ ካርድ እንዳትረሳ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከዚያ ለሚነሳ መንገደኛ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከመድረሳቸው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መሰጠት አለበት። ቀድሞ ተከትበው ከሆነ ካርዱ አያረጅም፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የዕድሜ ልክ ሆኗል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነና ከዚህ በፊት ተከትበው የማያውቁ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያያቸው አይከተቡ። በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያው ክትባት የራሱ ስጋት አለው።

ሻንጣቸውን ደግሞ አንተ ቀድመህ አስበው። አገሩ እስላማዊ ነው፣ አልኮልና የአሳማ ሥጋ ማስገባት ክልክል ነው። ለአምልኮ የሚሆኑ ምስሎችም የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አሉ። እናቶቻችን ትራስጌ የሚሰቅሉት ሥዕል ሳይኖር የማይተኙ ከሆነ በስልክ በደንብ አስረዳቸው እንጂ ጉምሩክ ላይ እንዲያዝኑ አታድርግ። ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ የሐኪም ማዘዣው አብሮ ይሁን።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ድረ ገጹ ላይ የምታየው ዋጋ የምትከፍለው አይደለም። ከቁጥሩ ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ ሰርቪስ ቻርጅ (የአገልግሎት ክፍያ) እና ታክስ ገና አልተጨመሩም ማለት ነው። ሰርቪስ ቻርጁ 10 በመቶ ነው፣ የቱሪዝም ታክሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 17 በመቶ ደርሷል፣ የሚሰላውም ሰርቪስ ቻርጁ ከተደመረ በኋላ ነው። በአዳር 400 ዶላር ያየኸው ክፍል 515 ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ግሪን ታክስ የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ግብር አለ፦ ሪዞርት ውስጥ በሰው በአዳር 12 ዶላር። ከሁለት ዓመት በታች ያለው ልጅህ አይከፍልም፣ እናንተ አምስታችሁ ግን በሳምንት 420 ዶላር ትከፍላላችሁ።

ዋናው ወጪና ዋናው ድካም ግን መንገዱ ነው። ሪዞርቶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደሴት ላይ ናቸው። ሩቆቹ ጋ የምትሄደው ውሃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው፣ ለአንድ አዋቂ ደርሶ መልስ ከ400 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። እሱ የሚበረው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። በማሌ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ማሌ ካረፍክ በዚያ ቀን የመድረስህ ነገር ያከትምለታል፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለችው ሁሉማሌ ላይ አድረህ ጠዋት ትሄዳለህ፣ ለሪዞርቱ የከፈልክባትም አንድ ሌሊት ትቃጠላለች። የሻንጣው ልክም ብዙውን ጊዜ 20 ኪሎና በእጅ 5 ኪሎ ነው። እናትህ ከአዲስ አበባ ይዘውት የሚመጡትን ጭነት መገመት አይከብድም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው፦ ደሴቱን በክፍሉ ፎቶ አትምረጥ፣ በመንገዱ ምረጥ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በፈጣን ጀልባ ከአንድ ሰዓት በታች የሚደረስበት፣ ሌሊትም ቢሆን መጥተው የሚቀበሏችሁ ፈልግ። ሁለት አውሮፕላን ከሁለት አህጉር ሲመጣ አንዱ መዘግየቱ አይቀርም። ጀልባው ላይ እናትህንና ሕፃኑን ከኋላ አስቀምጣቸው፣ ፊት ለፊቱ ማዕበሉ ሲመታው ወገብ ይሰብራል።

ውሃ ላይ የተሠሩትን ቤቶች ለሙሽሮቹ ተውላቸው። ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ጥልቁ ውሃ ጥቂት እርምጃ ነው፣ ብዙዎቹም በረንዳቸው መከለያ የለውም። አንዳንድ ሪዞርቶች ትንንሽ ልጆችን እዚያ አያስተኙም፣ አንዳንዶቹ ኃላፊነቱ የወላጅ ነው ብለው ያስፈርማሉ። በዚያ ዓይነት ቤት ከአንድ ዓመት ልጅ ጋር የምትውለው ዕረፍት ሳይሆን ዘበኝነት ነው። አሸዋው ላይ ያለውን ቤት ያዝ፣ ውሃው ከዳር ብዙ ርቀት ድረስ ጉልበት የማያልፍበትን ወገን ለይተህ ጠይቅ። የኮራሉ ጠርዝ የቀረበበት ወገን ዓሣ ለማየት ግሩም ነው፣ ለልጅ ግን ወዲያው ጥልቅ ይሆናል። የልጆቹን መንሳፈፊያ ጃኬት በልካቸው ከቤት ያዝ። ደግሞ «እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ አያቃጥለንም» የሚለውን ወሬ እርሳው። ቦታው የምድር ወገብ ላይ ነው፣ ልጆቹን ክሬም ቀባቸው፣ ቀኑ ሲግል ጥላ ውስጥ ይዋሉ።

ወቅቱ፦ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደረቅና ውድ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብና ነፋስ ይበዛል፣ ዋጋው ይወርዳል። ዝናብ ሙሉ ሳምንት ይዘንባል ማለት አይደለም፣ ባሕሩ ግን ይናወጣል።

ሲሸልስን የሚመርጥ፦

እህታችን ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ለምን ማልዲቭስ ብቻ? ሲሸልስም ለማንኛውም ፓስፖርት ቪዛ አይጠይቅም፣ ቀድሞ በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ነው። ማሄ ደሴት ላይ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ተከራይተህ፣ ገበያ ወጥተህ፣ በአውቶቡስ ባሕር ዳር እየሄድክ ትኖራለህ። ማልዲቭስ ሪዞርት ውስጥ ከሆንክ ምግቡም ውሃውም ከአንዱ ባለቤት ነው፣ ዋጋውን የምታወዳድርበት ሱቅ የለም። እናቶች ደግሞ ምግብ ካላበሰሉ እንግድነቱ አይለቃቸውም።

ከእናቷ ጋር እዚያ የተገናኘች፦

ይሄ እውነት ነው፣ አልከራከርም። እኔ ግን እናቴ ወጥ ቤት እንዳትገባ ነው የፈለግሁት! ማልዲቭስም ቢሆን ርካሹ መንገድ አለ፦ ሕዝብ የሚኖርባቸው እንደ ማፉሺ ያሉ ደሴቶች ላይ እንግዳ ማረፊያዎች አሉ፣ ግሪን ታክሳቸውም ትንንሾቹ ጋ 6 ዶላር ነው። እዚያ አልኮል የለም፣ በዋና ልብስ የሚዋኙትም ለቱሪስት በተከለለው ዳርቻ ብቻ ነው። ለብዙዎቹ እናቶቻችን ይህ ከሪዞርቱ ይልቅ ይመቻል።

ከአሜሪካ የሚጽፍ፦

ጠያቂው የአውሮፓ ፓስፖርት ስላለው ይህ አይመለከተውም፣ ሌላው የሚያነብ እንዳይሳሳት ነው። እዚህ አሜሪካ ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ሰዎች፣ አድቫንስ ፓሮል (ከመውጣታችሁ በፊት የሚወጣ የመመለሻ ፈቃድ) ሳትይዙ ከአገር ከወጣችሁ ማመልከቻችሁን እንደተዋችሁት ነው የሚቆጠረው። የሚጠየቀው በቅጽ አይ-131 ነው። ማልዲቭስ አስገባኝ ማለት አሜሪካ ትመልሰኛለች ማለት አይደለም። ሌላ አገር ያላችሁም የመኖሪያ ካርዳችሁ የሚያበቃበትን ቀን ከመመለሻ ትኬታችሁ ጋር አስተያዩ።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን። አንድ ነገር ብቻ፦ እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከጀልባ መውጣትና መግባቱ እንዴት ነው?

ከእናቷ ጋር እዚያ የተገናኘች፦

እንደ ደሴቱ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ መውረጃው ከጀልባው ጋር እኩል ነው፣ ሠራተኞቹም ደግፈው ያወርዳሉ። ሌላው ጋ ማዕበሉ ሲወርድ ትልቅ እርምጃ ይጠይቃል። ትንሹ አውሮፕላን ደግሞ ጠባብና ቀጥ ያለ መሰላል አለው፣ ለሳቸው አልመክርም። ከመክፈልህ በፊት ለሪዞርቱ ሦስት ነገር ጻፍ፦ መውረጃው ደረጃ አለው ወይ፣ ከቤቱ እስከ ምግብ ቤቱ በኤሌክትሪክ ጋሪ ይወስዳሉ ወይ፣ የሳቸው ክፍል ከእናንተ ጋር በውስጥ በር ይገናኛል ወይ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን። «ስትመጡ እናያለን» ካሉህ ሌላ ደሴት ፈልግ፣ ሞልቷል።