ለአንድ ድንጉላ በአንድ ወቅት ስንት ባዝራ ይበዛበታል?

ጥያቄ (ከእንጅባራ አካባቢ)

ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ አራት ዓመት የሞላው ድንጉላ አለኝ። ቁመናው ያማረ፣ ጠባዩም ጥሩ ነው። ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ያዩት ሰዎች ዘሩን ፈልገው እየመጡ ነው። ባለፈው ክረምት የጎረቤትና የዘመድ ባዝራዎችን ብቻ ነበር ያጠቃው (የሰረረው)። አሁን ግን ከሦስት ቀበሌ ሰው መጥቶ 40 ባዝራ ተመዝግቧል።

አባቴ ድንጉላ ከመጠን በላይ ከወጣ ይበላሻል ይላሉ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ውጭ አገር አንድ ፈረስ በዓመት 150 ባዝራ ያጠቃል የሚል ቪዲዮ አሳየኝ። ማንን ልስማ? በቀን ስንቴ ቢወጣ አይጎዳም? መስክ ላይ ከባዝራዎቹ ጋር ልልቀቀው ወይስ ይዤ ላስጠቃ? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ 40ውን አትቀበል። አራት ዓመት ለሞላውና ገና ሁለተኛ ወቅቱን ለሚጀምር ድንጉላ 15 አካባቢ ባዝራ ይበቃዋል። አቅሙ የጠና፣ ልምድ ያለው ድንጉላ በእጅ ተይዞ ሲያጠቃ 30ም 40ም ሊችል ይችላል። ያንተው ግን ገና ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ። አንተ የቆጠርከው ባዝራ ነው፤ እሱን የሚያደክመው ግን ስሪያው ነው። ባዝራ በየ21 ቀኑ አካባቢ ድንጉላ ትፈልጋለች። ይህ ድንጉላ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ድራቱ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። እንቁላሏ የሚወርደው ድራቱ ሊያበቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ያ ቀን በዓይን ስለማይታይ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምረን፣ አንድ ቀን እየዘለልን እናስጠቃታለን። ስለዚህ አንዲት ባዝራ በአንድ ድራት ሁለት ወይም ሦስት ስሪያ ትወስዳለች። ያም ሆኖ ሁሉም በመጀመሪያው አይይዙም። ግማሾቹ ይመለሳሉ ብለህ አስላ።

40 ባዝራ በመጀመሪያው ዙር ብቻ 100 ስሪያ ነው። 20ዎቹ ሲመለሱ 50 ይጨመራል። ከእነሱ ግማሾቹ ሲመለሱ ደግሞ ሌላ 25። በሦስት ወር 175 ስሪያ ሆነ ማለት ነው። በየቀኑ ሁለት፣ ያለ አንድ ቀን እረፍት። በዚያ ላይ ባዝራዎች ወረፋ ጠብቀው አይመጡም። ሣሩ ለምለም ሲሆን በአንድ ሳምንት ዘጠኝ አሥር ሆነው ይመጡብሃል። 15 ከሆኑ ግን በዚሁ ስሌት ጠቅላላው 65 ገደማ ነው። በሳምንት አምስት ይደርሰዋል። ይህን ይችለዋል።

በቀን አንዴ ይበቃዋል። ሁለት ባዝራ በአንድ ቀን ከገጠሙህ አንዷን በጠዋት፣ ሌላዋን ወደ ማታ አድርግና በማግስቱ አሳርፈው። አባትህ ያሉት እውነት አለው። ለዘለቄታው አይመክንም፤ ግን ዕለት ዕለት ሲደጋገምበት የዘር ፈሳሹ ይሳሳል፣ ፍላጎቱም ይወርዳል። አዲስ ዘር በሰውነቱ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ለዚህ ነው ዛሬ ከባድ ትኩሳት የያዘው ድንጉላ ድኖ፣ በልቶ፣ እየጋለበም ለሳምንታት ባዝራ ላያስይዝ የሚችለው። ከወቅቱ በፊት ታሞብህ ከነበረ ቁጥሩን ከ15ም ቀንስ።

ከመጀመርህ በፊት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰደው። ሁለቱም ቆለጦቹ ወርደው፣ ተቀራራቢ መጠን ኖሯቸው፣ ሲዳሰሱ ጠንከር ማለት አለባቸው። ብልቱ ላይ ቁስል ወይም እብጠት እንዳይኖር ይታይ።

መልስ (አንድ አባት፣ ከዳንግላ)

ልጄ፣ ዶክተሯ የተናገሩትን ያዝ። እኔ የምጨምረው ስሪያውን እንዴት እንደምትቆጥር ነው። ብዙ ሰው ድንጉላው ባዝራዋ ላይ ከወጣ አለቀ ብሎ ይሄዳል። አላለቀም። ጅራቱን ተመልከት። ዘሩን ሲያፈስ ጅራቱ ከሥሩ ብድግ ዝቅ፣ ብድግ ዝቅ ይላል። ያ ካልታየ ወጥቶ ወርዷል እንጂ አላጠቃም። በጥሩ ቀኑ አንዴ ወጥቶ ይጨርሳል። ሦስቴ አራቴ እየወጣ መውረድ ከጀመረ፣ ወይም ባዝራ እያየ ፊቱን አዙሮ ሣር ካጨደ፣ ወይም ያለ ጠባዩ አንገቷን መንከስ ካበዛ፣ ደክሟል። አራት አምስት ቀን ለብቻው አሳርፈው። ጭራሽ አትምታው። በዱላ የተገፋ ድንጉላ ባዝራ መፍራት ይለምዳል፤ ያ ደግሞ ከድካም ይብሳል።

ባዝራዋንም ሳትፈትን አታቅርብ። መሀላቸው ጠንካራ አጥር ይሁን። የምትፈልግ ባዝራ ጅራቷን ታነሳለች፣ ጥቂት ጥቂት ትሸናለች፣ ብልቷን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፣ ወደ አጥሩም ትጠጋለች። የማትፈልግ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ ትጮኻለች፣ ትራገጣለች። ያልደረሰችውን መልሳት። ባለቤቱ ከሩቅ መጣሁ ብሎ ቢለምንህም መልሳት። ወጣት ድንጉላ አንድ ጊዜ ጭኑ ላይ ወይም ብልቱ ላይ ከተመታ ወቅቱ አለቀ።

የምትቀርበዋን ጅራቷን ከሥር በጨርቅ ጠቅልል፣ የኋላ ጫማ ካላት አውልቅ። ቦታው ሜዳ ይሁን፣ ጭቃም ድንጋይም አይኑርበት።

መልስ (ፈረሰኛ፣ ከሰላሌ)

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ፈረስ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። ድንጉላ ከባዝራዎቹ ጋር መስክ ላይ ሲለቀቅ ሰዓቱን ራሱ ያውቀዋል። ማንም ባዝራዋን መፈተን አያስፈልገውም። እኛ ዘንድ እንዲህ ተለቀው የዋሉ ባዝራዎች ጥሩ ይይዛሉ። ጠያቂው ልጅ ሠራተኛ ከሌለው ቀኑን ሙሉ ልጓም ይዞ ሲቆም ሊውል ነው?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን)

ያንተ መንጋ አብሮ የኖረ መንጋ ስለሆነ ነው። ድንጉላው ባዝራዎቹን ያውቃቸዋል፣ እነሱም ያውቁታል። በእንዲህ ዓይነት መንጋ መልቀቁ ያዋጣል፤ የመያዝ ዕድሉም ጥሩ ነው። ለጠና ድንጉላ 20 እና 25፣ ለወጣት 10 አካባቢ ባዝራ ይዞ መልቀቅ ይቻላል። የጠያቂያችን ነገር ግን ሌላ ነው። ባዝራዎቹ ከሦስት ቀበሌ የሚመጡና የሚሄዱ ናቸው። አዲስ ባዝራ በገባች ቁጥር መራገጥ አለ። የተለቀቀ ድንጉላ አንዷን ወድዶ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ሊወጣባት ይችላል፤ ሌላዋ እዚያው አጠገቡ ድራቷ ያልፍባታል። ማን መቼ እንደተጠቃችም አይታወቅም። ገንዘብ የተቀበለ ሰው ደግሞ ይህን ማወቅ አለበት።

መልስ (ፈረሰኛ፣ ከሰላሌ)

የሚመጡ የሚሄዱ ከሆኑ ልክ ነሽ ዶክተር። እኔ የራሴን መንጋ አስቤ ነው የመለስኩት።

መልስ (ከበቆጂ)

ሁላችሁም ያላነሳችሁት ትልቅ ነገር አለ። በሽታ። በእኛ በአርሲና በባሌ ደጋ ዶሪን የሚባል በስሪያ የሚተላለፍ በሽታ አለ። አንዲት የታመመች ባዝራ በሽታውን ለድንጉላው ታስይዘዋለች፣ እሱ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለሚያጠቃቸው ሁሉ ያድላል። ክትባት የለውም። 40 ባዝራ ሲባል እኔ የታየኝ ይኸው ነው። አጎቴ የነበራቸውን ጥሩ ድንጉላ ያጡት በዚህ ነው። መጀመሪያ ብልቱ አካባቢ አበጠ። ቀጥሎ ቆዳው ላይ ጠፍጣፋ እብጠት ወጣ ገባ ማለት ጀመረ። እየበላ ከሳ። መጨረሻ ላይ የኋላ እግሩ እየተሳበ መነሳት አቃተው።

ባዝራ ስትቀበል ከየት ነው የተገዛችው ብለህ ጠይቅ። ከገበያ በቅርብ የተገዛች፣ የምትከሳ፣ ፈሳሽ ያላት ወይም ብልቷ ያበጠ ከሆነች አትቀበል። ያስወረደችም በሐኪም ሳትታይ አትቅረብ። ባለቤቱ ቢቀየምም ይቀየም።

መልስ (የእንስሳት እርባታ መምህር)

ስለ 150ው ቪዲዮ ልመልስ። እውነት ነው፣ በአሜሪካ ኬንታኪ ለሩጫ ፈረስ የሚያጠቁ ስመ ጥር ድንጉላዎች በአንድ ወቅት ከዚያም በላይ ያጠቃሉ። በእነዚያ ፈረሶች ዘንድ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ስለማይፈቀድ ሁሉም በተፈጥሮ ስሪያ ነው። ግን እያንዳንዷ ባዝራ ከመምጣቷ በፊት በአልትራሳውንድ ትታያለች። እንቁላሏ ሊወርድ ሲል ትመጣለች፣ አንዴ ተጠቅታ ትሄዳለች። ዶክተሯ ባሰሉት ሒሳብ የእኛ ባዝራ ሁለትና ሦስት ስሪያ የምትወስደው፣ የእነሱ አንድ ነው። ድንጉላው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወጣም የዘር ፈሳሹ በየጊዜው በማይክሮስኮፕ ይታያል። ያ ሁሉ በሌለበት ቁጥራቸውን ብቻ መውሰድ ድንጉላውን መጉዳት ነው።

እዚያም ቢሆን ጉዳዩ አከራክሯል። የዘር መዝገቡን የሚይዘው ጆኪ ክለብ በ2020 እ.ኤ.አ. ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሚወለዱ ድንጉላዎች በዓመት ከ140 ባዝራ በላይ እንዳያጠቁ የሚል ደንብ አወጣ። ምክንያቱ የድንጉላው ድካም አልነበረም። ዘሩ በጥቂት አባቶች ላይ እየጠበበ መሄዱ ነበር። ትልልቅ እርባታዎች ከሰሱ፣ ደንቡም በ2022 ተነሳ። ሐሳቡ ግን ለእኛም ይሠራል። 40 ባዝራ በሦስት ቀበሌ ውስጥ ካስያዝክ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው አካባቢ ድንጉላ የሚፈልጉት ባዝራዎች የራሱ ልጆች ናቸው። ከሁለት ሦስት ወቅት በኋላ ድንጉላህን ራቅ ካለ ወረዳ ሰው ጋር ብትለዋወጥ ለሁለታችሁም ይጠቅማል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ ዶሪን ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንግዲህ 15 ላይ አቁሜያለሁ። አሁን የቀረውን ሰው እንዴት ልመልስ? ጥቂቶቹ ቅድሚያ ከፍለውኛል። ደግሞስ ስንት ብር ልቀበል ሳይሆን እንዴት ልቀበል? በባዝራ ነው በስሪያ?

መልስ (አንድ አባት፣ ከዳንግላ)

ልጄ፣ በስሪያ አትቀበል። በስሪያ ከተቀበልክ አንተም ቶሎ ቶሎ ማስወጣት ያምርሃል። በባዝራ ተቀበል። ግማሹን ባዝራዋ ስትመጣ፣ ግማሹን ስትይዝ። ያን ጊዜ ያንተም የባለቤቱም ፍላጎት በጥቂት ስሪያ ማስያዝ ይሆናል።

የከፈሉትን ገንዘባቸውን ዛሬውኑ መልስ። ሳትዘገይ ከመለስክ ማንም አይቀየምህም። የሚቀየመው ከርሞ ባዝራው ባዶ ስትቀር ነው። ለበቅሎ ፈልገው የተመዘገቡም ይኖራሉ። እነሱን ጥሩ ድንጉላ አህያ ወዳለው ሰው ላካቸው፣ ወረፋህ ይቀልልሃል።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን)

ምርጫውን በዕድሜና በጤና አድርገው። ወልደው የሚያውቁ፣ ያልከሱ፣ ጤነኛ ባዝራዎችን አስቀድም። ያንተው ወጣት ስለሆነ ልምድ ካላቸው ባዝራዎች ጋር ይረጋጋል። ገና ያልወለዱ ባዝራዎችን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ያዝ። አሁን ውርንጭላ ያላቸውም አሉ። ባዝራ ከወለደች ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ድንጉላ ትፈልጋለች። የእንግዴ ልጇ የዘገየባት ወይም ምጥ የከበዳት ከሆነች ያን ድራት እለፈው፤ የሚቀጥለው ላይ አስጠቃት።

የድንጉላውን ቀለብ ወቅቱ ከመግባቱ አንድ ወር አስቀድመህ ከፍ አድርግ። ጥሩ ድርቆሽ፣ ገብስ ወይም አጃ፣ ጥቂት የተከካ ባቄላ፣ ጨውና ንጹሕ ውኃ። ጎድኑ በእጅ ሲዳሰስ ይገኝ፣ በዓይን ግን አይታይ። አታወፍረው። ለስሪያ በማይወጣበት ቀን ያዝ አድርገህ አንሸራሽረው። ጉግስና ሽምጥ ግን በዚህ ወቅት ይቅርበት። ከስሪያ በኋላ ብልቱን በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ ብቻ እጠብ፣ ሳሙና አታብዛ።

ጠያቂው

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ዶክተር። እዚህ አልትራሳውንድ የለም። መያዟን በምን አውቃለሁ?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን)

ደብተር ያዝ። የባዝራዋን መልክ፣ የባለቤቱን ስም፣ የተጠቃችበትን ቀን ሁሉ ጻፍ። ከመጨረሻው ስሪያ 16ኛ ቀን ጀምሮ ባለቤቱ በየሁለት ቀኑ ያምጣትና በአጥሩ ፈትናት። እስከ 24ኛው ቀን ካልፈለገች ይዛ ሊሆን ይችላል። ከ40ኛው ቀን በኋላ ደግማ ትፈተን፤ ቀድመው የያዙ የሚያስወርዱ አሉና። የእንስሳት ክሊኒክ በእጅ መርምሮ ማረጋገጥ ይችላል። የሁለተኛውን ግማሽ ክፍያ ከዚያ በኋላ ተቀበል።

ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ገደማ ነው። ሐምሌ 5 የያዘች ሰኔ 10 አካባቢ ትወልዳለች፤ ሁለት ሳምንት ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል። ሣሩ በሚበቅልበት ወቅት ስለሆነ ወተቷ አይጎድልም። ከጥቅምት በኋላ የተጠቃች ግን ውርንጭላዋ አድጎ ብዙ ወተት በሚፈልግበት ሰዓት ሣሩ ደርቆ ይጠብቃታል። ስለዚህ ከ15ቱ ውስጥ መስከረም ሲያልቅ ያልያዘች ካለች ወደሚቀጥለው ክረምት አስተላልፋት።