ለ6ጂ ምርምር ብር ይውጣ ወይስ መጀመሪያ ደንቢያ ሁለት ባር ኔትወርክ ታግኝ?

የማራኪው፦ ሰላም ቤተሰብ እንዴት አመሻችሁ። የዛሬውን ክርክር እኔ ልጀምር። ኮሪያ ዴጆን ከተማ ላይ ኢትሪ የሚባል የመንግስት የኤሌክትሮኒክስና የቴሌኮም ምርምር ተቋም አለ፣ አሁን 6ጂን፣ ከ5ጂ ቀጥሎ የሚመጣውን የሞባይል ኔትወርክ ማለት ነው፣ እየተመራመሩበት ነው። እኛ ጋ ደሞ ልጆቹ በኤሌክትሪካል ተመርቀው ፒያሳ ላይ ስክሪን ይቀይራሉ (ስራ አይናቅም፣ እሱን አላልኩም)። እና ጎንደር ላይ እንዲህ አይነት የኔትወርክ ምርምር ቢጀመር፣ በህዝብ ብር ማለቴ ነው፣ ትደግፋላችሁ ትቃወማላችሁ? ስድብ የለም በሞቴ።

አዘዞ ልጅ፦ እቃወማለሁ። ይችን ለመላክ ራሱ ሶስቴ ነው የሞከርኩት። ስልኩ 4ጂ ብሎ ይጽፋል ፎቶ ግን ዞሮ ዞሮ ይቀራል፣ መብራት ሲሄድ ታወሩም ትንሽ ቆይቶ ይከተለዋል፣ ዳታ ተዘግቶ ስንት ወር እንደከረምን ደሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እና 6ጂ?? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ጋሸ ባለሱቁ፦ ልጆች ኮሪያ ስትሉ ግን እኛ በ1951 እ.ኤ.አ. ቃኘው ሻለቃ ሲዘምት እነሱኮ

አዘዞ ልጅ፦ ጋሸ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኮሪያ ያልገባችበት ክርክር የለንም ኪኪኪ። ዘመትንላቸው፣ ጥለውን ሄዱ፣ እንቆጫለን፣ አለቀ።

የማራኪው፦ ቆይ እሱን ቁጭት ትተን እንዴት እንደሄዱ እንይ። በ1970ዎቹ እነሱም ጋ የቤት ስልክ ለማስገባት አመታት ወረፋ ይጠበቅ ነበር፣ የሚሸጥ የሚለወጠው መስመር ሶል ላይ የቤት ዋጋ ያወጣ ነበር። ኢትሪ የተመሰረተው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። መሃንዲሶቹ የራሳችንን ዲጂታል ስዊች (ስልክ ከስልክ የሚያገናኘውን ማሽን) እንሰራለን፣ ካልተሳካልን የፈለጋችሁትን ቅጣት ቅጡን ብለው ፈርመው ገቡበት፣ ቲዲኤክስ ይባላል፣ በ1986 ስራ ጀመረ። ከዛ 10 አመት ቆይተው በ1996 ሲዲኤምኤ የሚባለውን የሞባይል ኔትወርክ አይነት ለገበያ አወጡ። ኔትወርካቸው ሞልቶ ተርፎ አይደለም ምርምር የጀመሩት፣ ወረፋው አንገፍግፏቸው ነው እንጂ።

አዘዞ ልጅ፦ ሲዲኤምኤኮ የአሜሪካው ኳልኮም ቴክኖሎጂ ነው፣ ኮሪያዎቹ አብረው ቢያለሙትም በየስልኩ ሮያሊቲ (ለፈጠራው ባለቤት የሚከፈል) ሲከፍሉ ነው የኖሩት። እነሱ እንደዛ ከሆኑ አንተ ከማራኪ ተነስተህ የማንን ፓተንት ልትወስድ ነው?

ታወር ጠጋኝ፦ እኔ ስራዬ ይሄው ስለሆነ ትንሽ ልበል። በመጀመሪያ ደረጃ 6ጂ የሚባል እቃ ገና የለም፣ አለማቀፉ የቴሌኮም ህብረት በህዳር 2023 እ.ኤ.አ. አይኤምቲ 2030 ብሎ ማእቀፉን ብቻ ነው ያጸደቀው፣ ስሙም እንደሚለው ወደ 2030 አካባቢ ነው የሚጠበቀው። ቪዲዮ ላይ የምታዩት አስደንጋጭ ፍጥነት ደሞ አብዛኛው ከ100 ጊጋኸርዝ በላይ ባለ ሞገድ የተሞከረ ነው፣ እሱ ሞገድ ግድግዳ ያስቆመዋል፣ ዝናብ ያደክመዋል፣ አጭር ርቀት ነው የሚሄደው። ለገጠር የሚሆነው ታችኛው ነው፣ 700 እና 800 ሜጋኸርዝ፣ ሩቅ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥም ይገባል። ሳይቱ (ታወሩ ማለቴ ነው) የሚሞተው ግን ብዙ ጊዜ በሞገድ ምክንያት አይደለም፣ ባትሪው አርጅቶ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ጨርሶ ነው። ይሄን በአይኔ ያየሁት ነው።

አዘዞ ልጅ፦ ይሄው! ባለሙያው ተናገረ።

ታወር ጠጋኝ፦ አልጨረስኩምኮ ወንድሜ። እዛው ማእቀፍ ላይ 6 የአጠቃቀም ዘርፎች ተዘርዝረዋል፣ አንዱ ኔትወርክ ያልደረሰበት ቦታ ማድረስ ነው። የፍጥነቱን ወሬ ሁሉም ያወራል፣ ይቺን የሚያወራ የለም። እንደኛ አይነቱ ሰው ስብሰባው ላይ ከሌለ ደሞ ማን ሊያወራላት ነው?

ሲስተር፦ ደንቢያ ነው የምሰራው። የወባ ሪፖርት በታብሌት ነው የምንልከው፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ግቢ ጥሼ ወጥቼ ዋርካው ስር ቆሜ ነው የምልከው፣ ክረምት ላይ ዣንጥላ የሚይዝልኝ ልጅ አለ። ሁለት ሲም አለኝ ሁለቱም ያው ናቸው። አንድ ቀን ወላድ ሪፈር ልል አምቡላንስ ለመጥራት እዛው ዋርካ ድረስ ሮጫለሁ፣ ተርፋለች ተመስገን። 6ጂ በሉት 2ጂ በሉት እኔ ግድ የለኝም፣ ዋርካው ወደ ክፍሌ ይምጣልኝ ብቻ።

ሊማሊሞ፦ ከደባርቅ ነኝ ሹፌር። ሊማሊሞን ስወርድ አንዱ ኩርባ ላይ ስልኬ ይጮሃል ቀጣዩ ላይ ድርግም፣ እንደገና ታች ላይ ይመጣል። የት የት እንደሚይዝ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ እቤት የምደውለው በኩርባ ቁጥር ነው።

የማራኪው፦ አሁን ገባችሁልኝ። ሊማሊሞ የተናገረው እሱ ራሱ ምርምር ነው በነገራችን ላይ። ሞገድ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚገመትበት የታወቀ ፎርሙላ አለ፣ ኦኩሙራ የሚባል ጃፓናዊ ቶኪዮና ዙሪያዋን በመኪና እየተዞረ የተለካውን በ1968 እ.ኤ.አ. አሳተመ፣ ሃታ የሚባለው ደሞ በ1980 ወደ ሂሳብ ቀየረው። ፎርሙላው የሚያውቀው ከተማ፣ የከተማ ዳርቻ፣ ገላጣ ሜዳ ነው። ገደል የሚል የለውም! የቶኪዮ ሂሳብ ሰሜን ተራራ ላይ ምን ያህል እንደሚስት የሚለካ ልጅ ከኛ ካልተነሳ ከየት ሊነሳ ነው።

ታወር ጠጋኝ፦ ለፍትሃዊነት ያህል፣ አሁን የፕላኒንግ ሶፍትዌሩ የተራራውን ከፍታ ካርታ ያስገባል፣ ድራይቭ ቴስትም፣ በመኪና እየዞሩ ሲግናል መለካት ማለት ነው፣ ይደረጋል። ግን ድራይቭ ቴስት የሚደረገው መኪና በሚሄድበት ነው፣ የሲስተር ዋርካ ጋ መኪና አይሄድም።

አዘዞ ልጅ፦ እሺ ይሄን እደግፋለሁ ግን እንግዲህ ስሙን አስተካክሉት። ይሄ ገደል መለካት ነው እንጂ 6ጂ አይደለም። እኔ የምፈራውን ልንገራችሁ፣ 6ጂ ማእከል የሚል ታፔላ ይሰቀላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ምሳ ይበላል፣ አበል ይከፈላል፣ በአመቱ ክፍሉ ውስጥ የተሰበረ ወንበር ይከማችበታል። አላየንም?

ጋሸ ባለሱቁ፦ ቅድም አቋረጥከኝ እንጂ ልል የነበረው ሌላ ነው ልጀ። እዛው ደንቢያ ቆላ ድባ ላይ ወባ ህዝቡን ሲፈጀው ጊዜ ነው እዚህ ጎንደር ጤና ኮሌጅ የተከፈተው፣ 1954 በፈረንጅ። ያኔ አገሩ ሀኪም የለው፣ መንገድ የለው፣ ኮሌጅ ቅንጦት ነው ያለም አይጠፋ ይሆናል። ከዛ የወጡት ልጆች በበቅሎ በእግር ገጠር ገቡ። ይች ሲስተርም የነሱ ልጅ ናት በለው።

የማራኪው፦ ጋሸ እጅ ነሳሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ፊንላንድ ሰሜኑ ክፍል ላይ ኡሉ የምትባል ከተማ አለች፣ ዩኒቨርሲቲዋ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልቅ የ6ጂ ፕሮግራም ይመራል። የተመሰረተው በ1958 ነው፣ ከጤና ኮሌጃችን በ4 አመት ያንሳል።

አዘዞ ልጅ፦ እነሱ ጎረቤታቸው ኖኪያ ነው፣ ያንተ ጎረቤት እኔ ነኝ ኪኪኪ። አሁንም ባትሪና ናፍጣ ይቅደም ነው የምለው፣ ሀሳቤን አልቀየርኩም። ለህንጻ አንድ ብር አይውጣ፣ ለመለኪያ መሳሪያና ለልጆቹ ትራንስፖርት ከሆነ ግን ድምጼን እሰጣለሁ። ይልቅ ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛው ጋ ያ ሁሉ ህዝብ ሲሰበሰብ ስልክ ጭራሽ የማይሰራው ለምንድነው?

ታወር ጠጋኝ፦ ሁሉም አንድ ሳይት ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ለበአሉ በመኪና የሚመጣ ጊዜያዊ ታወር ቢቆም ይቀላል፣ 6ጂ አያስፈልገውም።

አዘዞ ልጅ፦ አየህ? ኪኪኪ

ሊማሊሞ፦ ማራኪው፣ ቅዳሜ እወርዳለሁ፣ ጋቢና ቦታ አለ። ኩርባዎቹን እያንዳንዷን አሳይሃለሁ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ።

የማራኪው፦ ሲግናሉን በዴሲቤል የሚያሳይ አፕ ስልኬ ላይ ጭኛለሁ፣ መጣሁ በለኝ። ሲስተር ከሊማሊሞ መልስ ወደናንተም እንውረድ?

ሲስተር፦ ኑ። ዋርካዋ በስተ ምስራቅ በኩል ሁለት ባር አላት፣ ግንዱን ዞራችሁ በምእራብ ከቆማችሁ ምንም የለም። እሱንም መዝግቡት።