«የሄኖክ አስማት» የመጣው ከመጽሐፈ ሄኖክ ነውን?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ በምዕራቡ ዓለም የምስጢር ማኅበራት «የሄኖክ አስማት» የሚሉት መላእክትን የመጥሪያ ሥርዓት ምንጩ በግእዝ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደጋፊ፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የመጽሐፉን የግእዝ ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አሳተመ፤ በ1888 ለንደን ላይ የተመሠረተው «ወርቃማው ንጋት» የተባለው ማኅበር ደግሞ የሄኖክን አስማት ለከፍተኛ ማዕረግ አባላቱ ያስተምር ጀመር። ይህን ቅደም ተከተል አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ የጠቀሷቸው ዓመታት ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ከብሩስ ጉዞ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን የሒሳብ ሊቅ ጆን ዲ ከ1582 ጀምሮ፣ ኤድዋርድ ኬሊ በክሪስታል ድንጋይ ውስጥ አየሁት የሚለውን እየነገረው እርሱም እየጻፈ፣ ከመላእክት ተቀበልነው ያሉትን ቋንቋና በፊደላት የተሞሉ ሰንጠረዦች አጠናቀረ፤ «ጥሪዎች» የሚባሉት ንባቦችም በ1584 ፖላንድ ውስጥ ክራኮው ከተማ ሳሉ ተጻፉ። በዚያ ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ሊቃውንት የመጽሐፈ ሄኖክን ሙሉ ቃል አያውቁትም ነበር። ማኅበሩም ሰንጠረዦቹን ያገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም ከተቀመጡት የዲ የእጅ ጽሑፎች ነው።

ደጋፊ፦ ዲ መጽሐፉን ባያየውም መኖሩን ከይሁዳ መልእክት ያውቅ ነበር፤ ስለ ሄኖክም ከኬሊ ጋር ባደረጋቸው ጉባኤዎች አንሥቷል። ስሙ ከዚያ መምጣቱን ማን ይክዳል?

ተቃዋሚ፦ ስሙን አልክድም። ይዘቱ ግን ይጋጫል፤ በመጽሐፉ ምዕራፍ 7 እና 8 አስማትንና ሥር መቁረጥን ለሰው ያስተማሩት የወደቁት መላእክት ሲሆኑ፣ ሄኖክ የተላከው ፍርዳቸውን ሊነግራቸው ነው። መላእክትን ጠርቶ ምስጢር የሚጠይቅ ሥርዓት ከዚህ መጽሐፍ እንዴት ይወለዳል?

ሦስተኛ ተናጋሪ፦ ተቃዋሚው በዘመን ያቀረቡት ማስረጃ በቂ ሆኖ ሳለ በይዘት የጨመሩት ያዳክመዋል እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን እያወገዘች በአገራችን የመላእክት ስም የተደረደረባቸው ክታቦች ሲጻፉ ኖረዋል፤ አስማተኛ የሚጠቀምበትን መጽሐፍ ትእዛዝ ያከብራል ብሎ መነሣት አያዋጣም። ስለዚህ ሐሳቡን የሚደግፉት ከዲ ጥሪዎች አንዱን ንባብ ከግእዙ ጋር አስተያይተው ያሳዩን፤ እስከዚያው እኔ ከተቃዋሚው ወገን ነኝ።