የእናቴ ግቢ ጦሳ ሥር ነው፣ መሬቱ ተሰንጥቋል። ክረምቱን ትቀመጥ ወይስ ትውጣ?

የደሴ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። የማወራው ስለ እናቴ ቤት ነው። ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ዳገቱን ወጥታችሁ ነው የምታገኙት። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በራሱ እጅ ያቆመው የጭቃ ቤት ነው። ከኋላው ባሕር ዛፍ አለ፤ ከፊቱ የእናቴ ጎመንና ጤና አዳም። እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እሷ ጋ ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ሰሞኑን ፎቶ ላከልኝ። ከሽንት ቤቱ ኋላ ጀምሮ እስከ ጎረቤት አጥር መሬቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ቀጥ ያለ አይደለም፣ እንደ ማጭድ ዞሮ የሄደ ነው። ወንድሜ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ነው ያሳየኝ። የጓዳው በር ደግሞ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልዘጋ ብሏል። እናቴ «እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው» ትላለች። የሰፈሩ ሰው በበኩሉ «የፈንታሌው መንቀጥቀጥ የተወው ነው» ይላል። ሐምሌ ገና መግባቱ ነው። ነሐሴ ከነዝናቡ ከፊታችን ነው።

ወንድሜ ወደሚመለከታቸው ሄዶ አመልክቷል። «መጥተን እናያለን» ብለውታል። እስካሁን የመጣ የለም።

እናቴን «ለሁለት ወር ወደ አክስቴ ቤት ውረጂ» ስላት አሻፈረኝ አለች። ምክንያቷ ይገባኛል። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ቤቱን ቆልፋ ወጥታ ስትመለስ ባዶውን ነው ያገኘችው። የእህል ጎታው እንኳን አልተረፈም። «ሁለተኛ ቤቴን ጥዬ አልሄድም፣ ከዚህ የሚወጣው ሬሳዬ ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እባካችሁ የሚያውቅ ይንገረኝ። ስንጥቁ አደገኛ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል? ይደፈናል? እናቴንስ በምን ቋንቋ ላናግራት?

ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። እናትሽን አላህ ይጠብቅልሽ። እኛ ታች ያለነው ደሴ ላይ በዘነበ ቁጥር ቦርከናን ነው የምናየው። እናንተ ጋ ጥቁር ደመና ሲቆም እኛ ወንዙ ዳር ያሰሩትን ከብት እንፈታለን። ለስንጥቁ ግን በሲሚንቶ ቶሎ ቢደፈን ጥሩ ይመስለኛል። ጎረቤታችን ግቢውን እንደዚያ አድርጎ ነበር።

የመንገድ ሰው

ልጄ፣ ሲሚንቶው ይቅር። የሚሄድ መሬት ላይ ሲሚንቶ አይቆምም። ራሱ ይሰነጠቅና ውሃው ከሥሩ ይገባል፤ እናንተ ደግሞ ላዩን አይታችሁ ዳነ ትላላችሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ እንጂ ዕድሜዬን የጨረስኩት መንገድ ጥገና ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ በክረምት ስንጠብቅ ነው የኖርነው። ማታ ደህና የነበረ መንገድ ጠዋት ግማሹ ወርዶ ይጠብቀናል። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

የእኛ አገር ተራራ ከላይ ልቅ አፈርና የተንከባለለ ድንጋይ ነው፤ ከሥር ጥቁር ድንጋይ አለ። ዝናቡ ይሰርግና ጠንካራው ድንጋይ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። ያኔ ላይኛው አፈር ውሃ ተሸክሞ ይከብዳል፣ ከሥር ደግሞ መያዣው ይላላል። ለዚህ ነው ናዳ ዝናቡ ካባራ በኋላም የሚመጣው። «ዛሬ ፀሐይ ወጣ» ብላችሁ አትዘናጉ።

የሰፈሩ ሰው ስለ መንቀጥቀጡ ያለው ከንቱ ወሬ አይደለም። ግንቦት 1953 ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ባለችው ካራቆሬ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፣ ገደሉም ተንዷል። ታኅሣሥ 2017 ፈንታሌ አካባቢ የነበረውም 5.8 ደርሷል። ነገር ግን ያ ካለፈ ወዲህ ወራት ተቆጥረዋል። በሐምሌ ዝናብ የተከፈተና ሽንት ቤት አጠገብ የጀመረ ስንጥቅ የውሃ ሥራ ነው ብዬ ነው የማስበው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ራሱ ውሃ ያጠጣዋል።

ወንድምሽ አሁኑኑ ይህን ያድርግ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ይትከል፤ ጠንካራ እንጨት ይሁን፣ ጠልቆ ይግባ። የችካሎቹ አናት ላይ ምስማር ይምታና ከምስማር እስከ ምስማር በሜትር ይለካ። ልኬቱን ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጻፍ። ጠዋት ጠዋት፣ ደግሞ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ይለካ። ስንጥቁ በሦስት ቦታ ቢለካ ይሻላል፤ ጫፍ ላይ ያለው ብቻ ያሳስታል። ይህ ደብተር ሌላም ጥቅም አለው። ባለሥልጣን ፊት «ተሰንጥቋል» ከማለት «በሦስት ቀን ይህን ያህል ሰፋ» ማለት ይሻላል። እንደዚያ ሲባሉ መኪና ይነሳል፤ አይቼዋለሁ።

ውሃውን ከስንጥቁ አርቁ። ከስንጥቁ በላይ፣ ራቅ ብሎ፣ ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር። ጥልቅ አይሁን፤ ውሃ የሚያቁር ቦይ ከሚኖር ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። የጣሪያው አሸንዳ ወደ ግቢው አይፍሰስ፣ በቱቦ ወደ ዋናው ቦይ ይውረድ። የቧንቧው መስመር የሚያንጠባጥብ ከሆነ ዛሬውኑ ይዘጋ። ስንጥቁ ራሱ በሸክላማ አፈር ይጠቅጠቅና ላስቲክ ይልበስ። ይህ መድኃኒት አይደለም፣ ዝናቡ በቀጥታ እንዳይገባ ነው።

ባሕር ዛፉን ማንም እንዳይቆርጥ። ከታች ያለ ጎረቤት ቤት ለመሥራት ዳገቱን እየቆረጠ ከሆነ ለምኑት፣ ያቁም። የዳገት እግር ሲቆረጥ ላዩ ይከተላል። ድጋፍ ግንብ እንሥራ የሚል ሰውም አይጠፋም። ውሃ ማውጫ ቀዳዳ የሌለው ግንብ ውሃ አጠራቅሞ አብሮ ይወድቃል፤ በዚህ ወር ደግሞ ማንም እዚያ መቆፈር የለበትም።

አሁን ወደ እናትሽ። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅና የማይዘጋ በር በአንድ ሰሞን ከመጡ መሬቱ እየሄደ ነው። በሩን የያዘው ውሃ የጠጣ እንጨት አይመስለኝም፣ መቃኑ ዘሟል። አጥሩ ካዘመመ፣ ምንጩ ደፍርሶ ከመጣ ወይም ድንገት ከደረቀ፣ ከዳገቱ የድንጋይ መንጓጓት ከተሰማ፣ ያኔ ችካል መለካት የለም። ዕቃ ሳይነሳ መውጣት ነው፤ ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን። ብትሰሚኝ ግን እስከዚያ ድረስ እንኳን አትጠብቁ። እስከ መስከረም እዚያ ባታድር እወዳለሁ።

እመ ቆቦ

እታለሜ፣ የጻፍሽውን አንብቤ እናቴን ነው ያየሁት። እኔ የራያ ቆቦ ሰው ነኝ። የእኛ መከራ ናዳ አይደለም፣ ደራሽ ነው። ሆርማት፣ ጎቡ፣ ዲቃላ የሚባሉት ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ነው የሚወርዱት። እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ ወንዙ ግንድ ተሸክሞ ይመጣል። ያንኑ ጎርፍ ደግሞ በሌላ ቀን ቀልብሰን ማሳ እናጠጣበታለን፤ ስለዚህ ጠልተነው አንሸሽም። ወሎ ሲባል ሰው 66ንና 77ን ብቻ ያስባል። ድርቁ ፈጅቶናል፣ እውነት ነው። የዝናቡን ግን የሚጠይቀን የለም።

እኛን ያዳነን ስልክ ነው። ደጋ ያሉ ዘመዶቻችን ዝናቡ ሲከብድ ይደውላሉ። ሰፈራችን ውስጥ ደውሉ የሚቀበል ሰው አለ፤ ተኝቶም ቢሆን ያነሳል። ከዚያ የመስጊዱ ማይክ ይከፈታል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይመታል። ማን ሙስሊም ማን ክርስቲያን ሳይባል ሁለቱንም የሰማ ይነሳል። እናንተም ሰፈር ይህ ይደረግ። ችካሉን የሚለካው ልጅ ለማን እንደሚደውል ዛሬ ይታወቅ፣ በጨለማ አይፈለግም።

ስለ እናትሽ ደግሞ የአማቴን ልንገርሽ። ወንዙ ዳር ካለው ቤቷ ንቅንቅ አልል ብላ ዓመት ዓመት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። «ቤትሽን ልቀቂ» ስንላት ትቆጣለች። አንድ ክረምት ባለቤቴ ነገሩን ቀየረው። «እማ፣ ቤትሽን አትልቀቂ፤ ቀን እዚሁ ዋይ፣ ለማደር ብቻ እኛ ጋ ነይ» አላት። ፍየሎቿንም አብሮ አመጣ። ፍየሎቹ ከመጡ እሷም መጣች። እናትሽ የፈራችው ናዳውን አይደለም፣ ሌባውን ነው። የፈራችውን ነገር አስወግዱላት። ቅሬያችሁ (ዕድራችሁ) ምን ይሠራል? ለቀብር ብቻ ነው እንዴ? ወጣቶቹ በተራ ከስንጥቁ ራቅ ካለ ቦታ ሆነው ቤቶቹን ይጠብቁ።

የደሴ ልጅ (ጠያቂ)

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የጻፉትን ለወንድሜ በስልክ አነበብኩለት። ችካሉን ዛሬውኑ ተክሏል። ቦዩን ከጎረቤት ልጆች ጋር ጀምረውታል።

የእመ ቆቦን ነገር ለእናቴ ነገርኳት። «ውጪ» አላልኳትም፤ «ለማደር ብቻ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ዶሮዎቼስ?» አለችኝ። ዶሮዎቹ ይሄዳሉ አልኳት። ወዲያው የቅሬውን ሰብሳቢ አስደወለች፣ ቤቷን ማን እንደሚጠብቅ ከራሳቸው አፍ ካልሰማች አትነቃነቅም። የተፈሩትና የሚከበሩት እሳቸው ናቸው፤ «ቤትሽ በእኔ ይሁን» አሏት። ዛሬ ማታ አክስቴ ጋ ታድራለች።

አንድ ነገር ቀረኝ ጋሼ። ከእኛ ቤት በታች ሦስት ቤተሰብ አለ፣ ሕፃናት ያሏቸው። ስንጥቁ እኛ ግቢ ስለሆነ እነሱ «የእናንተ ጉዳይ ነው» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

የመንገድ ሰው

ልጄ፣ ከታች ያሉት ከእናትሽ ይልቅ ያሰጋሉ። ስንጥቁ ናዳው የሚቆረጥበት ቦታ ነው፤ የሚወርደው በእነሱ ላይ ነው። ይህን ወንድምሽ ቤት ለቤት ሄዶ፣ ስንጥቁን ራሳቸውን አምጥቶ ያሳያቸው። እጃቸውን ያስገቡ። በወሬ የሚያምን የለም።

አንድ ከባድ ነገርም ተነጋገሩ። ሐምሌ 15፣ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። የመጀመሪያው ናዳ ቤቶች ቀበረ። ጎረቤት በእጁ በአካፋው ሊያወጣ ሲሮጥ ሁለተኛው ናዳ መጣና ያን ሁሉ ሰው በላው። ከ200 በላይ ነፍስ ነው ያለፈው፣ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ናቸው። ወሎ ላይ ጎረቤት ሲጮህ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ እኔም አልቀመጥም። ስለዚህ ከአሁኑ ይወሰን፤ እንዲያ ያለ ቀን ቢመጣ፣ አያድርገውና፣ ሰው ከመግባቱ በፊት ዳገቱን ብቻ የሚያይ ሰው ጎን ላይ ይቁም። ፊሽካ ይያዝ። ፊሽካው ከተነፋ ሁሉም ይውጣ፣ የሚቆፍረው ልጁን ቢሆንም ይውጣ። ማለቱ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የአክስትሽ ቤት የት ነው? ወንዝ አፍ ላይ ወይም የገደል ውሃ መውረጃ ላይ ከሆነ ከእሳት ወደ ረመጥ ነው።

የደሴ ልጅ (ጠያቂ)

ሮቢት ነው ጋሼ፣ ሜዳው ላይ። ወንዙም ራቅ ይላል፤ ወንድሜን ዛሬ ማታ ሄዶ የውሃ መውረጃውን እንዲያይ አድርጌዋለሁ።

ቅሬው ነገ ከጁምዓ በኋላ ይሰበሰባል። ሦስቱም ቤት ተጠርተዋል፣ ሁለቱ እሺ ብለዋል። ሦስተኛውን የቅሬው ሰብሳቢ ራሳቸው ሊያናግሩት ነው። ፊሽካ ከኳስ አሠልጣኙ ልጅ ተገኝቷል። የስንጥቁ ስፋት ዛሬ 11 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የነገውን ጠዋት እጽፋለሁ።

ከኮምቦልቻ

የሲሚንቶውን ነገር ተውኩት ጋሼ፣ ጥሩ ትምህርት ነው። ለጎረቤቴም አሳየዋለሁ። እህቴ፣ ስንጥቁ ከሰፋ ለእኛም ጻፊልን፤ ናዳው ቦርከናን ከዘጋ ውሃው ተጠራቅሞ የሚለቀቀው በእኛ ላይ ነው። እዚህ የወንዙን ዳር የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ ስልካቸውን በውስጥ እልክልሻለሁ።